የሁለት ቀን ፈቃድ በሞት ሸለቆ

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርታ ቤኬት የምትባል የኒውዮርክ ዳንሰኛ ከባሏ ጋር ለሽርሽር ወደ ካሊፎርኒያ በረሃ ወጣች። በጉዟቸው መሀል የመኪናቸው ጎማ ተነፈሰና እስኪጠገን ድረስ ዴዝ ቫሊ ጀንክሽን በምትባል፣ ነዋሪዎቿ ጥለዋት በሄዱ መንደር መቆየት ግድ ሆነባቸው። ማርታ ወዲያ ወዲህ ስትል አንድ የተዘጋ አሮጌ አዳራሽ አየች። ወደ በሩ ተጠግታ በቀዳዳ አጮለቀች። ውስጡ አቧራ የለበሰ መድረክ ነበረው። አዳራሹን በወር 45 ዶላር ተከራየችው፤ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወርም የመጀመሪያ ትርኢቷን አቀረበችበት። በዚያ ምድረ በዳ ተመልካች አንዳንድ ምሽት ይመጣል፣ አንዳንድ ምሽት ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ ብሩሽ አነሳችና ግድግዳውን ዙሪያውን ተመልካች ሣለችበት፦ ንጉሥና ንግሥት፣ መነኮሳት፣ መኳንንት፣ ሁሉም ወደ መድረኩ እያዩ። የመጨረሻ ትርኢቷን ያሳየችው በ2012 ነው። በ2017 በ92 ዓመቷ አረፈች።

እኔና ባለቤቴ ቅዳሜ ማለዳ በዚያ ነጭ ሕንፃ ፊት መኪና አቁመን ይህን ታሪክ ስናወራ፣ እሷ ሕንፃውን ትክ ብላ አየችና «እኛም ጎማ ቢተነፍስብን እዚህ የምንቀር ይመስልሃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ አብሮን ዋለ።

ጉዞው የተወሰነው ዓርብ ማታ ነበር። የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እኔ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ፤ እሷ በሆስፒታል ነርስ ናት። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች፤ ቡና አብረን የምንጠጣበት ጊዜ ራሱ በቀጠሮ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሁለታችንም የምናርፍበት ሳምንት እምብዛም አይገጥመንም። የዚያን ዕለት ማታ የሥራ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «ፈረቃዬን ቀየሩልኝ፤ እስከ ሰኞ የለሁበትም» አለችኝ። እኔም የዚያን ሌሊት ሥራዬን ተውኩት። የት እንሂድ የሚለው ብዙ አላከራከረንም። ከቤታችን የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ የሞት ሸለቆ (ዴዝ ቫሊ) የሚባል፣ በዓለም ሁሉ የታወቀ በረሃና ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ይህን ሁሉ ዘመን እየሰማንለት ሄደን አላየነውም።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። በላስ ቬጋስ የሚኖረው ወገናችን በሆቴልና በካዚኖ፣ በታክሲና በሆስፒታል እየሠራ፣ ከተማዋን የሚያውቃት በሌሊት መብራቷ ነው። ዕረፍት ሲያገኝ ይተኛል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ክርስትናና ሠርግ ይሄዳል። በረሃ የሚባለውን ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በስደት መንገድ ነው። በሰሃራ ያለፈ ሰው «ለመዝናናት በረሃ እንሂድ» ሲባል ፊቱ እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ጓደኛ አለኝ፣ አልፈርድበትም። ቢሆንም ይህ በረሃ ሊታይ የሚገባው ነው እላለሁ፤ ምክንያቴን ከታች ታገኙታላችሁ።

የወሰንነው በድንገት ነው፤ ዝግጅታችን ግን የድንገት አልነበረም። ባለቤቴ ሌሊቱን ወጥ ቤት ገብታ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ዳቦውን ስታሰናዳ፣ እኔ ከታች መኪናውን አየሁ። ራዲያተሩን፣ ዘይቱን፣ የአራቱን ጎማዎች ነፋስ፣ እስኮርታውን፣ ክሪኩን። የፓርኩ ጠባቂዎች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ይላሉ። ለሁለታችን ለሁለት ቀን 16 ሊትር ይበቃ ነበር፤ እኛ የዚያን እጥፍ ጫንን፤ ትርፉ ለራዲያተሩም፣ በመንገድ ለሚያጋጥም ሰውም ነው። ድንኳን፣ ባትሪ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ጀበና፣ ሁለት ጋቢ። ከሁሉ በላይ ዋጋ የምሰጠው ግን ለስልክ ጥሪው ነው። ባለቤቴ ለታላቅ እህቷ ደውላ የምንሄድበትን መንገድና የምናድርበትን ቦታ አስጻፈቻት፤ «እታለም፣ እሑድ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ ካልደወልንልሽ ለፓርኩ ጠባቂዎች ደውዪ» አለቻት። በዚያ ሸለቆ አብዛኛው ቦታ የስልክ ኔትወርክ የለም።

ፓረምፕ ላይ ቤንዚን ሞላን። ከዚያ በኋላ ማደያ እየራቀ ዋጋውም እየናረ ነው የሚሄደው። ከዴዝ ቫሊ ጀንክሽን አልፎ መንገዱ መውረድ ይጀምራል። ጆሮ ይደፈናል። ከመንገዱ ዳር «ከባሕር ወለል እኩል» የሚል ምልክት ታዩና መኪናው ከዚያም በታች ይወርዳል። የፓርኩ ማዕከል ያለበት ፈርነስ ክሪክ ከባሕር ወለል 58 ሜትር በታች ነው፤ ባድዋተር የሚባለው ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ 86 ሜትር በታች። ከባድዋተር ሆናችሁ ቀና ስትሉ ፊት ለፊታችሁ የቆመው ቴሌስኮፕ ተራራ 3,366 ሜትር ይረዝማል። በየካቲት ጫፉ ላይ በረዶ ነበረ። እኛ ግን ከታች እጅጌያችንን ሰብስበን ነበር የቆምነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል የሚለውን ለመረዳት እነዚህን ተራሮች ማየት ይበቃል። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ አየር ወደዚህ ለመድረስ ብዙ የተራራ ሰንሰለት መሻገር አለበት፤ ከእነዚህ አንዱ ሴራ ኔቫዳ ነው። በየሰንሰለቱ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡንና በረዶውን እዚያው ይጥላል፤ እዚህ ሲደርስ ባዶውን ነው። በፈርነስ ክሪክ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ደመናም ዛፍም የሌለው መሬት ፀሐይዋን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። የጋለው አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ግን ግራና ቀኝ በቆሙት ግድግዳዎች ታግዶ መልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ደግሞ ይብሱን ይግላል። በዓለም ላይ ከተመዘገበው የአየር ሙቀት ሁሉ ከፍተኛው የሚባለው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እዚሁ ፈርነስ ክሪክ ነው የተለካው፤ ሐምሌ 10 ቀን 1913። ያን ልኬት የሚጠራጠሩ የአየር ንብረት ባለሙያዎች አሉ። በ2020 እና በ2021 ግን በዘመናዊ መሣሪያ 54.4 ዲግሪ ተመዝግቧል። በ1972 የመሬቱ ፊት ራሱ ሲለካ 93.9 ዲግሪ ነበር፤ ውኃ ለመፍላት ምን ቀረው?

እኛ የደረስነው ግን በክረምቱ ማብቂያ ነው። ቀኑ 20 ዲግሪን ትንሽ ያለፈ፣ አየሩ ደረቅና ንጹሕ። በማዕከሉ ለመኪናው 30 ዶላር ከፈልን፤ ሰባት ቀን ያስኬዳል፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። የጠባቂዋ የመጀመሪያ ጥያቄ የት ትሄዳላችሁ አልነበረም፤ «ውኃ ይዛችኋል?» ነበር።

ወደ ጎልደን ካንየን ገባን። ቢጫና ወርቅማ በሆኑ ገደሎች መካከል የሚያልፍ የደረቀ የጎርፍ መንገድ ነው፤ በመጨረሻው ቀይ ካቴድራል የሚሉት፣ ከሩቅ ደም የመሰለ ግድግዳ ቆሟል። ደርሶ መልስ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በእግራችን ሥር እዚህም እዚያም የአስፋልት ቁራጭ ብቅ ይላል። ድሮ መኪና ይገባበት ነበር። በ1976 ለቀናት የጣለ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጣና መንገዱን ጠራርጎ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ አልሠሩትም፣ መልካም አደረጉ። የገደሉን ግድግዳ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ድንጋዩ ላይ የውኃ ሞገድ የሠራቸውን ሽብሽቦች ያገኛል። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት እዚህ ሐይቅ ነበር፤ ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሆነ፣ መሬቱ ሲታጠፍ ድንጋዩ ተነሥቶ ቆመ። ቢጫውና ቀዩ ቀለም ብረት ያለበት ማዕድን ነው። ባለቤቴ እጇን በሽብሽቡ ላይ አሳርፋ ረጅም ጊዜ ቆየች።

እሷ ፈጥና ትሄዳለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ላብ እንደሌለኝ ስነግራት ዞር ብላ ቆመች። «አለህ እንጂ፤ አይታይህም» አለች። ደረቅ አየር ላቡን ቆዳ ላይ ሳይቆይ ይጠጣዋል፤ ሰው ልብሱ ስላልረጠበ ውኃ ያላጣ ይመስለዋል። በበጋ በዚህ ሸለቆ በእግሩ የሚሄድ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያጣ ይችላል። ጥማት ዘግይቶ ይመጣል። የሰውነት ሙቀት ከ40 ሲያልፍ ደግሞ መጀመሪያ የሚታወከው አእምሮ ነው፤ ሰውየው መንገድ ይስታል፣ ቃላት ይቀላቀሉበታል፣ መታመሙን ራሱ አያውቀውም። «ብቻህን የማትሄደው ለዚህ ነው፤ ሌላው ሰው ነው መታመምህን የሚነግርህ» ብላ የውኃ ጠርሙሱን ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ቆሎ ቆረጠምን። ጨውና ውኃ አብረው ነው የሚሄዱት፤ ውኃ ብቻ መጋት ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው።

ይህን ሸለቆ የሞት ያሉት የሚኖሩበት ሰዎች አይደሉም። በ1849 መጨረሻ ወደ ካሊፎርኒያ ወርቅ የሚሮጡ ቤተሰቦች መንገድ እናሳጥራለን ብለው በሠረገላ ገብተው እዚህ ተያዙ። ከመካከላቸው ሁለት ወጣቶች፣ ዊልያም ማንሊና ጆን ሮጀርስ፣ ተራራ አቋርጠው ወደ ሎስ አንጀለስ አቅጣጫ በእግር ሄዱ፤ ስንቅ ይዘው የተመለሱት ከ26 ቀን በኋላ ነው። ማምለጥ ይችሉ ነበር። ተመለሱ። እኔ ከዚህ በረሃ ታሪክ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ስሙን የሰጡት እነዚያ የዳኑ ሰዎች ሲወጡ ነው ይባላል።

የቦታው ባለቤቶች ቲምቢሻ ሾሾኒ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። ክረምቱን ከታች በሸለቆው፣ በጋውን ከላይ በተራራው ቀዝቃዛ አየር ያሳልፉ ነበር፤ ከታች የመስኪት ዛፍ ፍሬ ፈጭተው፣ ከላይ የጥድ ፍሬ ለቅመው። መንግሥት በ1933 አካባቢውን ጥብቅ ሥፍራ ሲያደርገው አላማከራቸውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፈርነስ ክሪክ አጠገብ 16 ሄክታር የምታህል መንደር ሰጧቸው። በ1950ዎቹ ደግሞ ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው በጋውን ወደ ተራራ ሲወጡ፣ ባዶ የቆሙትን የጭቃ ቤቶቻቸውን የፓርኩ ሠራተኞች በውኃ ቱቦ አፈራረሱባቸው። በዚህ በረሃ፣ ውኃ በዚህ ዋጋ፣ የሰው ቤት ለማፍረስ! ሕዝቡ ግን አልሄደም። በ1983 በፌዴራል መንግሥቱ ዕውቅና አገኘ፤ በ2000 የወጣ ሕግ ከ3,100 ሄክታር በላይ መሬት መለሰለት። መንደራቸው ዛሬም እዚያው አለች። ጎብኚው መንገዱን ብቻ እያየ ነው የሚያልፋት።

ከሰዓት በኋላ ባድዋተር ደረስን። ጨው ነው። እስከ ዓይን መጨረሻ ነጭ፤ ስፋቱ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። የከርሰ ምድሩ ውኃ በጨው ተሞልቶ ወደ ላይ ይሰርጋል፣ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል፤ የሚያድገው ጨው እርስ በርሱ እየተገፋፋ ጠርዙን ወደ ላይ ያነሣና መሬቱን ብዙ ማዕዘን ባላቸው መደቦች ይከፋፍለዋል። ከመኪና ማቆሚያው ብዙ ከራቃችሁ በኋላ ነው ያልተረገጠው የሚገኘው። ባለቤቴ ተጎንብሳ ጥቂት ቆንጥራ ቀመሰች። የወልድያ ልጅ ናት፤ አባቷ ገበያ ላይ አሞሌ ይሸጡ ነበር። «የአባዬ ሱቅ ጠረን» አለች፣ ሌላም አልጨመረች።

የአፋርን ምድር ያየ ኢትዮጵያዊ እዚህ ሲደርስ የሚያውቀው ነገር ያገኛል፤ ዝምድናውም በመልክ ብቻ አይደለም። በዳሎል ዙሪያ ያለው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ከባድዋተር ይጠልቃል። ሁለቱም ቦታ መሬት ግራና ቀኝ እየተሳበች ስትሳሳ መሀሏ የሰመጠ ነው። እዚያ ቀይ ባሕር ገብቶ ደረቀና ጨው ተወ፤ እዚህ በበረዶ ዘመን 180 ሜትር ያህል ጥልቀት የነበረው ሐይቅ ደረቀና ጨው ተወ። ያ ሐይቅ ማንሊ ይባላል፣ ስንቅ ይዞ በተመለሰው ወጣት ስም። ነሐሴ 20 ቀን 2023 ሂለሪ የተባለው ማዕበል የዓመቱን ዝናብ በአንድ ቀን ሲጥል ሐይቁ ተመልሶ መጣ፤ መንገዱ ፈርሶ ፓርኩ ለሁለት ወር ያህል ተዘጋ። በቀጣዩ ክረምት ሌላ ዝናብ ተጨመረበትና ሰዎች በባድዋተር ላይ ታንኳ ቀዘፉ። እኛ በደረስንበት ጊዜ ግን ሁሉም መልሶ ጨው ሆኗል።

ይህ በረሃ ለገበያ የበቃውም በባልና ሚስት ነው። በ1881 ኤረንና ሮዚ ዊንተርስ የሚባሉ ድሆች ከሸለቆው ምሥራቅ በኩል ይኖሩ ነበር። ቦራክስ የሚባል ማዕድን በእሳት ሲሞከር አረንጓዴ ይነዳል ሲባል ሰሙ። ከሸለቆው ወለል የዘገኑትን ነጭ ነገር አሲድና አልኮል ጨምረው በሌሊት ለኮሱት። አረንጓዴ ነደደ። መብታቸውን በ20,000 ዶላር ሸጡት። ከዚያ ሃርመኒ የሚባለው ሥራ ተከፈተ፤ በበቅሎዎች የሚጎተቱ ግዙፍ ሠረገላዎች ቦራክሱን 265 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው የባቡር ጣቢያ እስከ 1880ዎቹ መጨረሻ አመላለሱ። ማዕድኑን ከጨው ሜዳው ላይ የሚዝቁት ግን ቻይናውያን የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ደመወዛቸው በቀን 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ። ታሪኩን የሚተርኩት አብዛኛውን ጊዜ የበቅሎዎቹን ቁጥር ነው። እኔ ሠራተኞቹም ቢጠሩ እወዳለሁ፤ ስደተኛ ሠራተኛ ምን እንደሆነ እናውቃለንና።

ማታ ቀድሞ የመጣ የሚይዘው አንድ የሠፈር ቦታ አግኝተን ድንኳናችንን ተከልን። የወደቀ እንጨት መልቀም ክልክል ነው፣ እሳትም ከተሠራለት ምድጃ ውጭ አይነድም፤ በረሃው ውስጥ ያለችው ትንሽ ግንድ ለእንሽላሊቱም ለአፈሩም ታስፈልጋለች። ባለቤቴ በጋዝ ምድጃው ላይ ጀበናዋን ጣደች። ቡናው ሲፈላ የጎረቤት ድንኳን ሽማግሌና ባለቤታቸው ጠረኑ ስቧቸው መጡ፤ ቁጭ አሉ፣ ሁለተኛውን አብረውን ጠጡ። ከዚያ ጨለመ።

በላስ ቬጋስ ሰማይ የሚባል ነገር ብርቱካንማ ጣሪያ ነው። እዚህ ግን የፍኖተ ሐሊብ ጅረት ከተራራ እስከ ተራራ ተዘርግቶ ነበር። ፓርኩ በ2013 ከዓለም ጨለማቸው ከተጠበቀላቸው ሰማያት አንዱ ተብሎ ተመዝግቧል። በምሥራቅ በኩል ብቻ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ደብዛዛ ብርሃን ይታያል፤ ያ የእኛ ከተማ ነው። እሷ የምትሠራበት ሆስፒታል፣ እኔ የማሽከረክርባቸው ጎዳናዎች ሁሉ እዚያች ጭላንጭል ውስጥ ናቸው። በሁለቱ ጋቢ ተጠቅልለን ለብዙ ጊዜ ያላወራነውን አወራን፦ ልጅ ስለመውለድ፣ ስለ እናቷ ሕመም፣ እኔ የሌሊቱን ሥራ ስለማቆሜ። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ስንጀምር አንዳችን ወደ ሰዓት እናያለን። እዚያ የሚታይ ሰዓት አልነበረም።

በዚያ ሌሊት መናገር ባይኖርብኝም አንድ ታሪክ ነገርኳት። በ1996 ሐምሌ ከጀርመን የመጡ አራት ሰዎች፣ ሁለት ትልልቅና ሁለት ልጆች፣ ከሎስ አንጀለስ በተከራዩት መኪና በዚህ በረሃ ተሰወሩ። መኪናው በጥቅምት ተገኘ፤ አንቪል ካንየን በሚባል ምንም መንገደኛ በማይደርስበት ጥርጊያ ላይ፣ ሦስት ጎማው ተንፍሶ። ሰዎቹ አልነበሩም። አጥንት የተገኘው በ2009፣ ካርታ ሲያጠኑ በከረሙ ሁለት ተጓዦች ነው። ከመኪናው ርቀው ወደ ደቡብ፣ ምናልባት ወታደራዊ ካምፕ ይገኛል ብለው፣ በሐምሌ ፀሐይ በእግር ሄደው እንደነበር ይገመታል። ባለቤቴ ዝም አለች። ቆይታ «መኪናው ጥላ ነበር» አለች። ባለሙያዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፦ መኪና ከተበላሸ ከመኪናው አትራቁ፤ ከሰማይም ከመንገድም መኪና ነው ቀድሞ የሚታየው።

እሑድ ጠዋት የተከራከርነው በዚህ የተነሣ ነው። እሷ ሬስትራክ የሚባለውን ደረቅ ሐይቅ ማየት ትፈልግ ነበር፤ በጭቃው ሜዳ ላይ ድንጋዮች ማንም ሳይነካቸው ረጅም ፋና እየተዉ የሚንቀሳቀሱበት ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው ያልፈታው እንቆቅልሽ ነበር። በታኅሣሥ 2013 ተመራማሪዎች በዓይናቸው አዩት፤ በቀጣዩ ዓመት አሳተሙት። ሜዳው ላይ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይተኛል፣ ሌሊት እንደ መስኮት መስታወት የሳሳ በረዶ ይጋገርበታል፣ ረፋድ ላይ በረዶው ሲሰነጣጠቅ ቀላል ነፋስ ቁራጩን ይገፋዋል፤ በረዶው ደግሞ ድንጋዩን እየገፋ ይሄዳል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሹል ድንጋይ ነው፤ ጠባቂዎቹ ከፍ ያለ መኪናና ጠንካራ ጎማ ይጠይቃሉ። የእኛ መኪና ለከተማ የተሠራ ዝቅተኛ ቶዮታ ነው፤ እስኮርታውም ቀጭኗ፣ ለጊዜው የምትሆነዋ ናት። «አንድ ጊዜ ነው» አለች። «ድንጋዮቹ የትም አይሄዱም» አልኳት፣ ከዚያ እሷም እኔም በአባባሉ ሳቅን፣ ይሄዳሉና። አልሄድንም። የሚቀጥለውን ዕረፍት እየጠበቁን ናቸው።

በምትኩ ከስቶቭፓይፕ ዌልስ አጠገብ ወዳለው የአሸዋ ኮረብታ ወጣን። ከፍተኛው 30 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ጠዋት ከእኛ በፊት ማንም አልረገጠውም፤ የአይጥ ዱካ ብቻ ነበረበት። ካንጋሮ አይጥ የምትባለው ዕድሜዋን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ መኖር ትችላለች፤ የምትበላው ደረቅ ፍሬ በሰውነቷ ውስጥ ሲቃጠል ከሚወጣው ውኃ ትኖራለች። በአሸዋው መሀል የመስኪት ዛፎች ቆመዋል። ዛፏን ሳያት ደነገጥኩ፤ አፋር ውስጥ የግጦሹን መሬት ወርሮ አርብቶ አደሩን ያስመረረው ፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመዷ ነው። እዚህ ግን በአገሯ ሳለች ቲምቢሻዎች ፍሬዋን ፈጭተው ይመገቧት ነበር፣ ሥሯ አሸዋውን ይይዛል። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጫፍ ወጣች። ከዚያ ወደ ቤት ተመለስን፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በፊትም ለእታለም ደወልን።

የላስ ቬጋስና የሎስ አንጀለስ ወገኖቼ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለታችሁም የምታርፉበት ቀን ከገጠማችሁ አትተኙበት፤ ሂዱ። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ አሞሌ ከየት እንደሚመጣ በዓይናቸው ይዩ። ውኃ ከሚበቃችሁ በላይ ጫኑ። ቤንዚን ቀድማችሁ ሙሉ። የስልኩ ካርታ ከአስፋልት ውጡ ቢላችሁ አትስሙት። የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ለምታምኑት ሰው ነግራችሁ ውጡ። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ማንም ቢጋብዛችሁ በዚያ ሸለቆ በእግራችሁ አትሂዱ።